ለግራኝ አዳኝ በልክ የሚሠራ ጠመንጃ፦ አክሽኑን ከሁሉ በፊት መምረጥ

ግራኝ ሰው በልኩ ጠመንጃ ለማሠራት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሰደፉ እንጨት ወይም ከማነጣጠሪያ መነጽሩ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ገንዘብ ያባክናል። በርሜል ይቀየራል፣ ሰደፍ ይለወጣል፣ መነጽርም ተፈቶ ሌላ ይታሰራል። አክሽኑ፣ ማለትም ጥይቱን የሚያጎርሰውና የሚቆልፈው የጠመንጃው ብረት ግን አንዴ ከተመረጠ የጥይቱን ርዝመት፣ የምላጩን ዓይነት፣ የሰደፉን ቡርቦራና መለዋወጫ የሚገኝበትን ገበያ ሁሉ ወስኖ ያስቀምጣል። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ቢሳሳት ሰፊው ገበያ ያርመዋል። ግራኝ ሲሳሳት ግን ከስሕተቱ ጋር ይኖራል፤ ወይም ሁሉንም ሸጦ እንደ አዲስ ይጀምራል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ቶርኖ ቤት አለኝ። ከዚያ በፊት ሰሜን አሜሪካ በአንድ ጠመንጃ ሠሪ ዘንድ በርሜል ስገጥም ኖሬአለሁ፤ እኔም ግራኝ ነኝ። ከደሴ፣ ከሐይቅና ከኮምቦልቻ ተነሥተው በአሜሪካና በካናዳ የሚኖሩ፣ በየዓመቱ የአጋዘን አደን ፈቃድ የሚያወጡ ልጆች «ጋሼ፣ የቱን ልግዛ?» እያሉ ይደውሉልኛል። ለእያንዳንዳቸው በስልክ የምነግራቸውን አሁን በጽሑፍ አስቀምጫለሁ።

አገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎች አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መሥራትንም ይከለክላል። ለአደንም ከዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። የእኔ ቶርኖ ቤት የወፍጮ ዘንግና የፓምፕ ቡሽ ይሠራል እንጂ የጠመንጃ አካል አይነካም። ይህ መመሪያ ሕጉ በሚፈቅድበት አገር፣ ፈቃድ ባለው ጠመንጃ ሠሪ እጅ ለሚያሠሩ ነው።

ስለ ስያሜ እንግባባ። ጥይቱን ከካዝናው ገፍቶ ወደ በርሜሉ ጉሮሮ የሚያጎርሰውንና ከኋላው የሚቆልፈውን ተንሸራታች ብረት መቀርቀሪያ እለዋለሁ። መቀርቀሪያው የሚንሸራተትበትን፣ በርሜሉም ከፊት የሚጠመድበትን ብረት የመቀርቀሪያ ቤት እላለሁ። ሁለቱ አንድ ላይ ሆነው አክሽን ይባላሉ። በግራ እጅ አክሽን እጀታው በግራ ነው፤ ቀለሁም የሚወጣው በግራ በኩል ባለው መስኮት ነው።

አንደኛ፦ ከእጅ በፊት ዓይን

በእኛ አካባቢ ልጅ ግራ እጁን ወደ ማዕድ ሲዘረጋ ወዲያው ወደ ቀኝ ይመለሳል፤ በዚህ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ነው። ስለዚህ ብዙ የወሎ ግራኝ በግራው ድንጋይ ይወረውራል፣ በቀኙ ይበላል፣ በቀኙ ይጽፋል። የምትጽፉበት እጅ የምትተኩሱበትን ትከሻ አይነግራችሁም። ቢያንስ ብቻውን አይበቃም።

መጀመሪያ የሚመረመረው መሪው ዓይን ነው። ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉና መዳፎቻችሁን አነባብራችሁ በመካከላቸው ሳንቲም የምታህል ቀዳዳ አስቀሩ። ሁለቱንም ዓይኖች ከፍታችሁ በቀዳዳዋ በኩል ሩቅ ነገር ተመልከቱ፤ ደሴ ያለ ሰው የጦሳ ተራራን ጫፍ ይመልከት። አሁን ቀኝ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ጫፉ ከቦታው ካልተነቃነቀ መሪው ግራ ዓይናችሁ ነው። ከቀዳዳዋ ከሸሸ መሪው ቀኙ ነው። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ በሌላ ቀንም፣ በሌላ ብርሃንም ድገሙት።

እጅና ዓይን ሁለቱም ግራ ከሆኑ ነገሩ አለቀ፤ የግራ እጅ አክሽን ያስፈልጋችኋል። እጅ ግራ፣ ዓይን ቀኝ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን በኪሳችሁ አቆዩት። በመነጽር ሲተኮስ አንድ ዓይን ብቻ ስለሚሠራ ችግሩ ይቀላል፤ ሆኖም አንዳንዱ ሰው በቀኝ ትከሻው ቢማር ይሻለዋል። ወደ ተኩስ ሜዳ ሂዱና የሰው ጠመንጃ ተውሳችሁ በሁለቱም ትከሻ ሞክሩ። ገና ለጋ የሆነ ተኳሽ በጥቂት ሳምንታት ልምምድ ትከሻ ሊቀይር ይችላል። ዕድሜ ልኩን በግራ የተኮሰ ሰው ግን አይገደድ።

ሁለተኛ፦ የቀኝ እጅ ጠመንጃ ለግራኝ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ

«እስካሁን በቀኝ እጅ ጠመንጃ ችያለሁ፤ ለምን እከፍላለሁ?» የሚል ጥያቄ ይደርሰኛል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በቀኝ እጅ መቀስ ጨርቅ ሲቆርጥ የኖረ ግራኝ ልብስ ሰፊም እንዲሁ ይላል፤ የግራ እጅ መቀስ እስኪይዝ ድረስ።

ግራኝ በቀኝ እጅ ጠመንጃ ሲተኩስ ግራ እጁ ምላጩን ለቅቆ፣ በመነጽሩ ላይ ተሻግሮ፣ በቀኝ በኩል ያለውን እጀታ ያነሣል። በዚህ መካከል ጉንጩ ከሰደፉ ይነሣል፤ የቆሰለው አጋዘንም ከመነጽሩ ይጠፋል። ሁለተኛው ተኩስ የሚያስፈልገው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ነው።

ከፍጥነቱ በላይ የሚያሳስበኝ ፊት ነው። ግራኝ ጉንጩን የሚያሳርፈው በሰደፉ ቀኝ በኩል ነው፤ የቀለሁ መስኮትም በቀኝ ነው። ትኩስ ቀለህ ከፊቱ አጠገብ ይወጣል። ቀለሁ ተሰንጥቆ ጋዝ ቢያመልጥ ደግሞ ከብዙ አክሽኖች የሚወጣው በዚያው በመስኮቱና በጋዝ መተንፈሻ ቀዳዳው በኩል ነው። ይህ በየቀኑ የሚያጋጥም ነገር አይደለም። ግን የዓይን መከላከያ መነጽር ሳያደርግ በቀኝ እጅ ጠመንጃ የሚተኩስ ግራኝ ሳይ አላልፍም፤ አስቆመዋለሁ።

ለእውነት ያህል ሌላውንም ልንገራችሁ። ጠመንጃው ጠረጴዛ ላይ በከረጢት ተደግፎ ሲተኮስ ግራኙ ግራ እጁን ከምላጩ ሳያነሣ ነፃ በሆነው ቀኝ እጁ መቀርቀሪያውን መሥራት ይችላል፤ ለዒላማ ውድድር ይህን ወደው የሚመርጡ አሉ። አዳኝ ግን በቀኝ እጁ ጠመንጃውን ከሥር ደግፎ፣ ቆሞ ወይም ተንበርክኮ ስለሚተኩስ ያ ጥቅም የለውም።

ሦስተኛ፦ ጥይቱን ወስኑ፣ ርዝመቱ ይከተላል

አክሽን የሚለካው በጥይቱ ርዝመት ነው። 308 ዊንቸስተር 71 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 6.5 ክሪድሞር ከእርሱ ብዙም አይርቅም። ሁለቱም በአጭር አክሽን ያድራሉ። 30-06 ስፕሪንግፊልድና 300 ዊንቸስተር ማግነም 85 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆኑ ረጅሙን ይፈልጋሉ። 375 ኤች ኤንድ ኤች 91 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ለእርሱ የማግነም (የኃይለኛ ጥይት) ርዝመት ያለው ነው የሚሻለው። በመካከል የሚወድቁ አሉ። 78 ሚሊ ሜትር የሚሆነው የጥንቱ 7×57 ማውዘር አንዱ ነው፤ እንደ 308 ላሉ ጥይቶች በተሠራ አጭር ካዝና ውስጥ አረሩን ወደ ቀለሁ አጥልቀው ካላስገቡት በቀር አይገባም።

ቀጥሎ የመቀርቀሪያው ፊት ይታያል፤ የቀለሁ ግርጌ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ማለቴ ነው። ለ223 ዓይነት ጥይቶች 9.6 ሚሊ ሜትር፣ ለ308፣ ለ6.5 ክሪድሞርና ለ30-06 12 ሚሊ ሜትር፣ ለአብዛኞቹ ማግነሞች 13.5 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ጠባቡን ማስፋት ይቻላል፤ ሰፊውን ማጥበብ ግን ሌላ መቀርቀሪያ መግዛት ነው። የግራ እጅ መቀርቀሪያ ለብቻው ፍለጋ መውጣት ምን እንደሚመስል የፈለገው ያውቃል፤ ወራት ይፈጃል።

ምክሬ ይህ ነው፦ ፋብሪካዎች በግራ እጅ ጠመንጃ ላይ አስቀድመው የሚያወጡትን ጥይት ምረጡ። እንዲህ ሲሆን የመቀርቀሪያው ፊት፣ ካዝናውና ጥይቱን የሚመራው ከንፈር ሁሉ ለዚያ ጥይት ተስተካክለው ይመጣሉ። ለአጋዘን 6.5 ክሪድሞር ወይም 308 ይበቃል። ኤልክና ሙስ የሚባሉትን ትላልቅ የሰሜን አሜሪካ አጋዘኖች ለሚያድን 30-06ን የሚያስንቅ ምክንያት አላየሁም። ርግጫውም ይቻላል፣ ጥይቱም በየሱቁ ይገኛል።

አራተኛ፦ ከየትኛው ቤተሰብ?

ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ያለቀ የግራ እጅ ጠመንጃ ገዝቶ አክሽኑን አስቀርቶ ሌላውን መለወጥ ነው። ሁለተኛው ባዶ አክሽን ማዘዝ ነው። የመጀመሪያው ርካሽ ነው፤ ጠመንጃው እስኪፈታም ድረስ ማደን ትችላላችሁ። በኪሱ ገደብ ያለበት ሰው ከዚህ ይጀምር።

ሳቬጅ 110 እ.ኤ.አ. በ1958 ወጣ፤ የግራ እጅ ስሪቱም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ግራኞችን ቀድመው ካሰቡ ፋብሪካዎች አንዱ በመሆኑ አከብረዋለሁ። በርሜሉ በዳዶ የሚጠብቅ ስለሆነ ጠመንጃ ሠሪው በመለኪያ አስተካክሎ ሌላ በርሜል መግጠም ይቀለዋል፤ የቶርኖ ሥራው ያንሳል፣ ዋጋውም እንዲሁ። መጠበቂያው (ጠመንጃው ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚከለክለው ቁልፍ) በሰደፉ አንገት መካከል፣ ከአውራ ጣት ሥር በመሆኑ ለቀኝም ለግራም እኩል ነው። የመቀርቀሪያው እንቅስቃሴ ግን እንደ ሌሎቹ የለሰለሰ አይደለም፤ ያንን በእጅ ስትይዙት ታውቁታላችሁ።

ሬሚንግተን 700 እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ አለ። የመቀርቀሪያ ቤቱ ክብ ስለሆነ በቶርኖ ላይ ማስተካከል ቀላል ነው። ሌሎች አምራቾችም ቅርጹን ስለተከተሉ ሰደፉ፣ ምላጩና ካዝናው በብዛት ይገኛል። በልክ ለሚያሠራ ሰው ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ግን ተጠንቀቁ፦ «ለ700 የሚሆን» የሚል ምላጭ ለግራ እጅ 700 አይሆንም፤ መጠበቂያውና የመቀርቀሪያ መልቀቂያው በሌላው ጎን ናቸውና። ያገለገለ ስትገዙ ደግሞ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን ጥሪ አስታውሱ፤ ከ2006 እስከ 2014 የተሠሩት ኤክስ ማርክ ፕሮ ምላጮች ሳይነኩ ሊተኩሱ ይችላሉ ተብሎ ለጥገና ተጠርተዋል። የመለያ ቁጥሩን ሳታጣሩ አትግዙ።

ቲካ ቲ3ኤክስ የፊንላንድ ነው። መቀርቀሪያው በዘይት ላይ እንደሚሄድ ይንሸራተታል፤ ከፋብሪካ የሚወጣ የግራ እጅ ጠመንጃ ሆኖ እንዲህ የለሰለሰ ጥቂት ነው። እጀታው የሚነሣው 70 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ከመነጽሩ ጋር አይጋጭም። የመቀርቀሪያ ቤቱ ለሁሉም ጥይት አንድ ርዝመት ያለው ነው፤ አጭርና ረጅም የሚለየው በካዝናውና በመቀርቀሪያ ማቆሚያው ነው። ክብደት ለሚቆጥር ሰው ይህ ድክመት ሊሆን ይችላል። በልክ የሚያሠራ ሰው ያለው የሰደፍ ምርጫም ከ700 ያነሰ ነው። ሆኖም ብዙ ሳይቀየር፣ ሰደፉ ብቻ ተስተካክሎ የሚያረካ ጠመንጃ የሚፈልግ ግራኝ ቢጠይቀኝ ወደ ቲካ እልከዋለሁ።

ማውዘር 98 ሌላ ወግ ነው። አባቶቻችን ቤልጅግ ይሉት የነበረው ጠመንጃ የዚህ ዘር ነው፤ ፓውል ማውዘር እ.ኤ.አ. በ1898 ያጠናቀቀው ስልት እስከ ዛሬ ለአደን ይሠራል። የወታደሩ ማውዘር ግን የተሠራው ለቀኝ እጅ ነው። ያንን ወደ ግራ ለመገልበጥ የሚያስብ ካለ ይተወው፤ መቀርቀሪያውም ቤቱም እንደ አዲስ ካልተሠራ አይገለበጥም። የማውዘርን ስልት በግራ እጅ የሚፈልግ በሰርቢያ የዛስታቫን የግራ እጅ ስሪት ያጣራ። በአሜሪካ ደግሞ ሩገር 77 ሆክአይ በግራ እጅ ወጥቷል፤ የመነጽር መቀመጫው ከራሱ ከመቀርቀሪያ ቤቱ ጋር ተቆርጦ የተሠራ በመሆኑ በብሎን የሚላላ ነገር የለውም።

ገንዘብ ላለው በትዕዛዝ የሚሠሩ አሉ፦ ዲፋያንስ፣ ስቲለር፣ ቦርደን። በግራ እጅ ይሠራሉ፣ ሥራቸውም ንጹሕ ነው። ለአደን ግን ልዩነቱን በዒላማ ወረቀት ላይ ካልሆነ በጫካ ውስጥ አታዩትም። ብሌዘር አር8 ደግሞ እጀታው ሳይነሣ ወደ ኋላና ወደ ፊት ብቻ የሚሳብ ነው። በግራ እጅ ይገኛል፤ ግን በርሜሉም ካዝናውም የራሱ ስለሆነ በልክ ለሚያሠራ ሰው ብዙ የሚነካካ አይተውም።

አምስተኛ፦ ጥይቱን የሚይዝበት መንገድ

በማውዘር፣ በሩገር ሆክአይና በመሰሎቻቸው ረጅም ቀለህ ሳቢ ጥፍር አለ። ጥይቱ ከካዝናው ገና ሲወጣ ጥፍሩ የቀለሁን የግርጌ ጠርዝ ይይዘዋል፤ እስኪወረወርም አይለቀውም። በሬሚንግተን 700፣ በቲካና በአብዛኛው ሳቬጅ ግን መቀርቀሪያው ጥይቱን ይገፋዋል፤ ጥፍሩ የሚይዘው መጨረሻ ላይ ሲቆለፍ ነው።

በመጀመሪያው ጠመንጃው ቢዘቀዘቅ እንኳ ጥይቱ አይወድቅም። በግማሽ አቀባብሎ የተመለሰ ሰውም ሌላ ጥይት በጥይት ላይ አይገፋም። ጎሽ ወይም ድብ ለሚያድን ይህን እመክራለሁ። ለአጋዘን ሁለተኛው በቂ ነው፤ ይህን ለማለት አላመነታም። ግራኝ ሆኖ በጥፍር ዓይነት ላይ ብቻ ሙጭጭ ብሎ ዓመት የሚጠብቅ ሰው አደኑን ያጣል።

የመቆለፊያ ጆሮዎቹን፣ ማለትም መቀርቀሪያው ሲዘጋ ቤቱ ውስጥ ገብተው የሚቆልፉትን ጉጦች፣ ቁጥርም ተመልከቱ። ሁለት ጆሮ ያለው አብዛኛውን ጊዜ 90 ዲግሪ ይነሣል፤ ሦስት ያለው፣ እንደ ብራውኒንግ ኤክስ ቦልት፣ 60 ዲግሪ። አጭሩ ፈጣን ነው። ግን ጥይቱን የሚመታውን መርፌ የሚገፋው ሞላ በአጭር መንገድ ስለሚጨመቅ እጀታው ይከብዳል። ትንሽ እጅ ላላት ሴት አዳኝ ይህ ልዩነት ይሰማታል፤ ሳትሞክሩ አትወስኑ።

ስድስተኛ፦ በእጅ ይዞ መመርመር

ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይናችሁና በጣታችሁ አረጋግጡ፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ። ከዚያ ጠመንጃውን በግራ ትከሻ አስደግፋችሁ ጉንጫችሁን ሳታነሡ መቀርቀሪያውን ሥሩ። ጉንጭ ከተነሣ ወይ ሰደፉ አጥሯል ወይ እጀታው ቅርጹ አይስማማም። በደሴ ብርድ የለመደ ሰው እንደሚያውቀው የደነዘዘ ጣት ቀጭን እጀታ አይይዝም። ጓንት አድርጋችሁም ሞክሩ።

መጠበቂያውን በግራ አውራ ጣት ወደ ፊትም ወደ ኋላም ግፉ። የቀኝ እጅ መጠበቂያ የተገጠመበት «የግራ እጅ» ጠመንጃ አይቼ አውቃለሁ፤ ሻጩም አላስተዋለውም ነበር። መቀርቀሪያው በግራ ሆኖ የቀለሁ መስኮት በቀኝ የሆነም አለ። ይህ ለዒላማ ውድድር ሆን ተብሎ የሚሠራ ነው፤ ለአዳኝ ግን ቀለሁን ወደ ፊቱ ይመልስበታል።

አንድ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። መነጽሮች የተሠሩት ለቀኝ እጅ ጠመንጃ ታስበው ነው፤ የርቀት ማጥሪያ ጎማ (የሚሽከረከር ክብ ቁልፍ) ካላቸው አብዛኛውን ጊዜ በግራ ጎናቸው ይሆናል። የግራ እጅ ጠመንጃ ቀለሁን የሚወረውረው ወደዚያው ጎን ነው። ትልቅ ጎማ ያለው መነጽር ዝቅ ብሎ ከታሰረ ቀለሁ መትቶት ወደ መስኮቱ ይመለሳል። ለአደን የጎን ጎማ የሌለው መነጽር ምረጡ፣ ወይም ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት።

የጆሮዎቹ አቀማመጥ ደግሞ የጠመንጃ ሠሪው ሥራ ነው፤ እናንተ ግን ውጤቱን አሳየኝ በሉት። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ሜካኒኩ ቫልቭ በመቀመጫው ላይ በትክክል ማረፉን በሰማያዊ ቀለም እንደሚያረጋግጥ ሁሉ እርሱም የመቆለፊያ ጆሮዎቹን ይቀባል፤ ቆልፎ ሲፈታ ቀለሙ ከሁለቱም ላይ እኩል መነሣት አለበት። አንዱ ብቻ ከተነካ ጫናው በሙሉ በአንድ ጆሮ ላይ ነው፤ ጠመንጃውም በየተኩሱ ይለያያል። ያገለገለ አክሽን ከሆነ ጆሮዎቹ የሚያርፉበት ቦታ ተረግጦ መጎድጎዱንም ይፈትሽ።

ሰባተኛ፦ ትዕዛዙን መጻፍ

በቃል አታዙ። በጽሑፍ አስፍሩ፦ የግራ እጅ መቀርቀሪያ፣ የግራ መስኮት፣ የግራ እጅ ምላጭና መጠበቂያ፣ ለዚያው አክሽን በግራ የተቦረቦረ ሰደፍ፣ ጉንጭ ማሳረፊያው በቀኝ በኩል። ሰደፉ ወደ ጎን ዘንበል እንዲል ከተፈለገ ዝንባሌው ወደ ግራ መሆኑንም ጨምሩ። ከእንጨት የተሠራ የቀኝ እጅ ሰደፍ ላይ ጉንጭ ማሳረፊያው በግራ ስለሚሆን የግራኝን ጉንጭ ምንም አይደግፍም። ቦርቡሮ ለማስተካከል የሚሞክር ሠሪ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

የሠሪውን ወረፋ ጠይቁ፣ የግራ እጅ ዕቃዎቹ ግን ቀድመው መጋዘን ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጡ። ቀብድ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው። ዋጋውን ስታስቡ የግራ እጅ ጠመንጃ ገዢው ጥቂት ስለሆነ መልሶ መሸጥ እንደሚቸግር አስቡበት፤ የምትይዙትን ግዙ።

ሥራው ሲያልቅ ከመረከባችሁ በፊት ሁለት ነገር በፊታችሁ ይደረግ። የመጀመሪያው የጉሮሮ ልኬት ነው፦ መቀርቀሪያው በ«ይዘጋል» መለኪያ ላይ መዘጋት፣ በ«አይዘጋም» መለኪያ ላይ ደግሞ መከልከል አለበት። ሁለተኛው ማጎረስ ነው። ካዝናው ባሩድ በሌለው የመለማመጃ ጥይት ይሞላ፤ እናንተ ራሳችሁ በግራ ትከሻችሁ ይዛችሁ በዝግታም በፍጥነትም አቀባብሉ። ጥይቱ ከተሰናከለ፣ ቀለሁ ከመስኮቱ ሳይርቅ ከወደቀ ወይም መቀርቀሪያው መንገድ ላይ ከያዘ ጠመንጃውን እዚያው ተዉትና ተስተካክሎ እንዲጠራችሁ ንገሩት፤ ቀሪውን ክፍያም እስከዚያ አቆዩት።